አይጥ ቆጣሪው አባት

«አባዬ፣ አይጥ ይቆጠራል እንዴ?»

ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስመለስ የ7 ዓመቷ ልጄ የጠየቀችኝ ይህንን ነበር። ቤታችን አይጥ ሲገባ ወጥመድ የሚገዛው አባቷ፣ አይጥ ሊቆጥር ተራራ መውጣቱ ገርሟት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ፣ አመሻሽ ላይ የአሉሚኒየም ሳጥን ወጥመዶችን በመስመር እናስቀምጣለን። ማባበያው የለውዝ ቅቤና አጃ ነው። ጠዋት የተያዘውን መዝነን፣ ለክተን፣ ምልክት አድርገን እንለቀዋለን። በሳጥን የማይያዘውን፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ግዙፉን ፍልፈል ደግሞ አዳዲስ ጉድጓዶቹን ቆጥረን እንገምተዋለን።

አንድ ማታ ግን በአንዱ ሳጥን ውስጥ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ረሳሁ። ጠዋት ስከፍተው አይጧ በብርድ ሞታ አገኘኋት። ጥፋትን ለልጅ መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም ነገርኳት።

«ለአይጥም ይታዘናል?» አለችኝ።

ቀይ ቀበሮን አነሳሁላት። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት ባሌ ነው። ዋና ምግባቸው እነዚሁ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው። ከብት ሣሩን ሲጨርሰው አይጥ መሸሸጊያ ያጣል፤ አይጥ ሲያንስ ደግሞ ቀበሮዋ ለቡችሎቿ የምትወስደው ታጣለች። የምንቆጥረውም ማነሱን በጊዜ ለማወቅ ነው።

ልጄ ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ሣሩን እንዳትረሳ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሳጥን ሳላጠምድ በፊት ሁለቴ አያለሁ።