አጥንትና ጡንቻ፦ «ዘሩ ነው» የሚለው አባባል የት ድረስ ያስኬዳል?

የሰው አቋም በተነሳ ቁጥር «ዘሩ ነው» የሚለው ፍርድ ያለ ብዙ ክርክር ያልፋል። ትከሻው የሰፋ ልጅ አባቱን ወጣ ይባላል፤ በትንሽ አዳልጧት አጥንቷ የሚሰበር እናትም «የቤታቸው ነገር ነው» ይባልላታል። ይህ ልማዳዊ አስተያየት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ እንዲያውም የዘረመል ምርምር ከደረሰበት ጋር በብዙ ቦታ ይገጥማል። የሚስተው የተወረሰው ምን እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደሚሠራና ውርሱ ምን ያህል እንደሚያስገድድ ሊያስረዳ ሲነሳ ነው።

ከሁሉ የተስፋፋው እምነት አጥንትና ጡንቻን አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ለየብቻ እንደሚወረሱ ሁለት ነገሮች ያያል። ይህን ለመፈተን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዋነኛ ዘዴ የመንትዮች ጥናት ነው፤ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ሲሆን፣ የማይመሳሰሉት ግን ከሰው ሰው ከሚለያየው ክፍል የሚጋሩት እንደማናቸውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ የበለጠ ከተቀራረቡ ልዩነቱ የዘር ድርሻ ተደርጎ ይሰላል። በአውስትራሊያ ኢጎ ሲማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የሴት መንትዮች ጥናት ሁለት ነገሮች ተለክተዋል፤ አንደኛው የአጥንት እፍጋት፣ ማለትም በተወሰነ የአጥንት ስፋት ላይ የተከማቸው የካልሲየምና የሌላ ማዕድን መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክብደት ነው፤ ይህም የውስጥ አካላትን ቢጨምርም በአብዛኛው ጡንቻን ስለሚወክል የጡንቻ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። በጭን አጥንት አንገት እፍጋትም ሆነ ከስብ ውጭ ባለው ክብደት ከሚታየው ልዩነት ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው፦ ጡንቻዋ የበዛ ሴት አጥንቷም የታፈገ የመሆኑ ዝምድና ራሱ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሁለቱን በጋራ በሚነኩ ዘረመሎች የሚገለጽ ነበር።

በጋራ የሚነካ ዘረመል ሲባል ግን አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዘረመል በአጥንት ህዋስም በጡንቻ ህዋስም ውስጥ በቀጥታ ይሠራል። ሌላው ጡንቻን ብቻ ያጎለብትና፣ የጎለበተው ጡንቻ በጅማት በኩል አጥንቱን አጥብቆ ሲስበው አጥንቱ ለጉተታው ምላሽ እየሰጠ ይጠነክራል። ሦስተኛው ደግሞ በእድገት ሆርሞኖች በኩል ጠቅላላውን የሰውነት መጠን ስለሚወስን ሁለቱንም አብሮ ያተልቃል፤ የሲማን ቡድን ለውጤቱ የሰጠው ማብራሪያም ወደዚህኛው ያደላ ነበር። ሦስቱን መንገዶች መለየት ለሐኪምም ለተመራማሪም ከባድ ነው፤ «ዘሩ ነው» የሚለው አነጋገር ደግሞ ልዩነት መኖሩን እንኳ አያነሳም።

ከሦስቱ ሁለተኛውን መንገድ በቅርብ ለማየት ማዮስታቲን የተባለው ፕሮቲን ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ፕሮቲን የጡንቻን እድገት የሚገታ ልጓም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዘረመሉን ያጠፉባቸው አይጦች ጡንቻቸው ከተለመደው እጅግ ገዝፎ ታየ፤ በዚያው ዓመት ቤልጂየም ብሉ የተባሉት፣ ጀርባቸውና ታፋቸው በጡንቻ የተወጠረው የቤልጂየም ከብቶች በዚሁ ዘረመል ላይ ጉድለት እንዳለባቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ ጡንቻው ጎልቶ የሚታይ አንድ ጀርመናዊ ሕፃን ሁለቱም የዘረመሉ ቅጂዎች ሥራ ያቆሙበት መሆኑ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ማዮስታቲን የሌላቸው አይጦች አጥንታቸው ሲመረመር ጡንቻው በሚጣበቅባቸው ቦታዎች ላይ የታፈገና የጠነከረ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለ ጡንቻ ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ዘረመል በአጥንትም ላይ አሻራውን ትቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ግን ሌላ የተሳሳተ እምነት ይወልዳል፤ ይኸውም «የጥንካሬ ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር አለ፣ ያለው ይታደላል፣ የሌለው ይቀራል የሚለው ነው። እንደ ማዮስታቲን ጉድለት ያሉ ብርቱ ለውጦች በሰው ዘንድ እጅግ ብርቅ ናቸው፤ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው እያንዳንዳቸው በጣም ጥቂት ከሚጨምሩ ወይም ከሚቀንሱ ብዙ ትናንሽ ለውጦች ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ 426,824 ሰዎች ተረከዛቸው በአልትራሳውንድ ተለክቶ በተሠራ ጥናት ከአጥንት እፍጋት ጋር የተያያዙ 518 የዘረመል ስፍራዎች ተለይተዋል፤ ሁሉም ተደምረው የገለጹት ግን ከልዩነቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሕፃናት ጥናትም አጥንትንና ጡንቻን በአንድ ላይ ሲመረምር በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ሁለቱን የሚነካ ስፍራ አግኝቷል፤ የአንድ ሰው አቋም ግን በዚያ ስፍራ ብቻ አይወሰንም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። ፈጣን የጡንቻ ክሮች ውስጥ አልፋ አክቲኒን 3 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል በንግድ ምርመራ ገበያ «የስፖርተኛ ዘረመል» ተብሎ ሲቸበቸብ ኖሯል፤ ፕሮቲኑ በሌላቸው አይጦችና ሰዎች ላይ የአጥንት ክምችትም አነስ ብሎ መገኘቱ ስሙን ይበልጥ አግንኖታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት የኢትዮጵያና የኬንያ ረጅም ርቀት ሯጮች ከየአገራቸው ተራ ሰው ጋር ሲነጻጸሩ ግን በዚህ ዘረመል ከሌላው የተለዩ ሆነው አልተገኙም። በቆጂ ከአንድ ቤት ጥሩነሽን፣ እጅጋየሁንና ገንዘቤ ዲባባን ለኦሎምፒክ ሜዳሊያ ማብቃቷ የዘርን ነገር ማሳሰቡ ተገቢ ነው፤ ሦስቱ እህትማማቾች ከወላጆቻቸው ሌላ ያንኑ ከፍታ፣ ያንኑ ኑሮና ያንኑ የሩጫ ባህል መጋራታቸው ግን ከስሌቱ ሊወጣ አይችልም።

ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚለው ቁጥርም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ቁጥሩ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ የሚለያዩበትን መጠን የሚመለከት እንጂ ከአንድ ግለሰብ አጥንት 70 በመቶው ከወላጅ፣ ቀሪው ከምግብና ከእንቅስቃሴ መጣ የሚል አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ማለቱም አጥንት በኑሮ አይለወጥም ማለት አይደለም፤ ለዚህ ከሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች ክንድ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ የቀኝና የግራ ክንድ ዘረመላቸው አንድ ነው፣ የሚበሉትም አንድ ነው፣ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ የባለሙያ ተጫዋቾች ጥናት ራኬት የሚይዘው ክንድ የላይኛው አጥንት ግድግዳ ከሌላው ክንድ በወንዶች 35 በመቶ፣ በሴቶች 28 በመቶ ገደማ ወፍሮ ታይቷል። ምድር ላይ የሚሸከመውን ክብደት በህዋ ያጣው ጠፈርተኛ ደግሞ በተቃራኒው ከዳሌ አጥንቱ በየወሩ ከ1 በመቶ በላይ ያጣል።

«ስብ አይደለም፣ አጥንቱ ነው የሚከብደው» የሚለው ማጽናኛ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ የአዋቂ ሰው አጽም መቅኒውን ጨምሮ ከሰውነቱ ክብደት አንድ ሰባተኛ ገደማ ብቻ ነው።

በዘር ስም የሚሸፈነው ከባዱ ስህተት ሌላ ነው። የልጅ እግር ሲንሻፈፍ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ችግሩ ግን ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጅ አጥንት ሳይጠነክር የሚቀርበት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ከፀሐይ ተከልሎ ሲያድግ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ አገርም ይከሰታል። ሪኬትስ የጎድን አጥንትንና የመተንፈሻ ጡንቻን አብሮ ስለሚያደክም ጉዳቱ በእግር አያበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት 42 በመቶው፣ ካልታመሙት 500 ግን 4 በመቶው ብቻ ሪኬትስ ነበረባቸው። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድም በ1990ዎቹ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት መታየቱ ተዘግቧል፤ ዘራቸው በጉዞ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ኑሮና ፀሐይ ነው።

ዘርና ኑሮ የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት ስክለሮስቲን የተባለው ፕሮቲን ይበቃል። ፕሮቲኑን የሚሠሩት በአጥንት ውስጥ ተቀብረው ጫናን የሚያዳምጡ ህዋሳት ሲሆኑ፣ አጥንት ሲሸከም ምርታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሰው አልጋ ላይ ሲውል ይጨምራሉ፤ ፕሮቲኑ ሲበዛ አዲስ አጥንት መሥራት ይገታል። በደቡብ አፍሪካ አፍሪካነር ቤተሰቦች ዘንድ ዘረመሉ የተበላሸባቸው ሰዎች አጥንታቸው ከልክ በላይ ወፍሮ የፊትና የመስማት ነርቮችን እስኪጫን ድረስ እንደሚያድግ ታውቋል። ከዚህ ቤተሰባዊ በሽታ የተነሳው ምርምር ሮሞሶዙማብ የተባለውን፣ ስክለሮስቲንን የሚያግድ መርፌ አስገኘ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለስብራት በእጅጉ ለተጋለጡ፣ ወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች የተፈቀደው ይህ መድኃኒት በወር አንድ ጊዜ ለ12 ወራት የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ወይም ስትሮክ ላጋጠማት ሴት ግን አይታዘዝም።

ለዕለት ተዕለት ሕክምና የቤተሰብ ታሪክ የሚፈለገው ከዚህ በቀለለ መልኩ ነው። በብሪታንያ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ፍራክስ የተባለው የስብራት አደጋ ማስያ የዘረመል ምርመራ አይጠይቅም፤ ስለ ውርስ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እናት ወይም አባት የዳሌ ስብራት ደርሶባቸው ያውቃል ወይ? የተቀሩት ዕድሜን፣ ክብደትን፣ ሲጋራን፣ አልኮልን፣ የቀድሞ ስብራትንና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን የመሳሰሉ ናቸው።