የመምህራን የጡረታ መብትና የሥራ ዘመን ቁጠባ

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ልጅ አቅሙ የደከመውን ወላጁን ሲያበላና ሲያለብስ «ጦረ» ይባላል፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃትም ከዚሁ የመነጨ ነው። በዘመናዊው የሥራ ሥርዓት ይህን የልጅ ግዴታ በከፊል የተረከበው ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ እያዋጡ የሚያቋቁሙት የጡረታ ፈንድ ነው። ይሁን እንጂ ጡረታን በመሰናበቻ ዕለት እንደሚሰጥ ችሮታ የሚመለከቱት መምህራን ጥቂት አይደሉም። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ የሚነሣው ዕድሜው ሲቃረብ፣ ለማረም የሚቻለውም ነገር ጥቂት ሲሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአበሉ መጠን ከቅጥር ቀን ጀምሮ በሚሠራ ሥራና በሚያዝ ማስረጃ የሚወሰን መሆኑን ማስረዳት፣ አበሉ የማይሸፍነውንም ክፍተት በምን መንገድ መሙላት እንደሚቻል ማመልከት ነው።

፩. የሥርዓቱ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሰፊው የተደራጀው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በዚያን ጊዜ የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ የመንግሥት ድርሻ ደግሞ 6 ከመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 መዋጮውን ቀስ በቀስ ከፍ በማድረግ የሠራተኛውን 7 ከመቶ፣ የአሠሪውን 11 ከመቶ አደረሰው። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን፣ የግል ትምህርት ቤት መምህራንንም ጭምር፣ በሥርዓቱ አቀፈ። ሁለቱም ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ መጤን ይገባዋል። የወር ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር 700 ብር ሲቆረጥበት፣ በስሙ የሚገባው ገንዘብ ግን 1,800 ብር ነው። ስለዚህ ጡረታ ችሮታ አይደለም፤ የሚከፈልበት ቆይቶ የሆነ የደመወዝ ክፍል ነው።

፪. የአበሉ ስሌት

ስሌቱ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፦ በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ። 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሲቪል ሠራተኛ የዚህን አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው።

በዚህ መሠረት 25 ዓመት ያገለገለ መምህር 48.75 ከመቶ፣ 30 ዓመት ያገለገለ 55 ከመቶ፣ 40 ዓመት ያገለገለ 67.5 ከመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን አበሉ እንደ ቅደም ተከተሉ 4,875፣ 5,500 እና 6,750 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው መሠረት፣ ማለትም አማካይ ደመወዝ፣ ከመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ለምሳሌ ሁለት ዓመት 9,000 ብር፣ በመጨረሻው ዓመት ብቻ 10,500 ብር የተከፈለው መምህር አማካዩ 9,500 ብር ነው። ዕድገቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ አማካዩ 10,500 ብር በሆነ ነበር። በ30 ዓመት አገልግሎት ልዩነቱ በየወሩ 550 ብር ነው። ስለዚህ ለደረጃ ዕድገት የሚያበቃ ማስረጃ አሟልቶ በወቅቱ ማቅረብ፣ ጽሕፈት ቤቱም ሳያዘገይ መወሰኑ፣ ለጡረታ ዘመንም የሚተርፍ ጉዳይ ነው።

፫. ማስረጃ፣ የመብቱ ምሰሶ

መምህር በአገልግሎት ዘመኑ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዛወር ይኖራል። ሰውየው ሲደርስ የግል ማኅደሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። በማስረጃ ያልተደገፈ አገልግሎት ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 30 ዓመት ያስተማረ ሰው የ5 ዓመት ማስረጃ ቢጠፋበት አበሉ ከ5,500 ወደ 4,875 ብር ይወርዳል። በወር 625 ብር ማለት በ15 የጡረታ ዓመታት 112,500 ብር ነው። ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚያሳጣው አንድ ያልተላከ የመሸኛ ደብዳቤ ወይም ያልተገለበጠ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ አንጻር አራት ነገሮች በቅድሚያ ሊረጋገጡ ይገባል። አንደኛ፣ ዕድሜ የሚታሰበው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው የልደት ዘመን ነው፤ ኋላ የሚቀርብ የዕድሜ ማስተካከያ ተቀባይነት የለውም። ስለሆነም አዲስ ተቀጣሪ የሕይወት ታሪክ ቅጹን ሲሞላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሁለተኛ፣ ስም በዲፕሎማው፣ በቅጥር ደብዳቤውና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የቅጥር፣ የዝውውር፣ የዕድገትና የመልቀቂያ ደብዳቤዎች ቅጂ በመምህሩም ቤት መቀመጥ አለበት። አራተኛ፣ ጋብቻና የልጆች ልደት በማኅደሩ መመዝገብ አለባቸው። ባለመብቱ ቢሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 ከመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ደግሞ 20 ከመቶ የሚያገኙት ዝምድናቸው በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። ያልተመዘገበ ጋብቻ በሐዘን ወቅት ሚስትን ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሊያስቆማት ይችላል።

፬. ከመንግሥት ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲዛወሩ

በመንግሥትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ተደምሮ ይያዛል። ይሁንና ተደማሪው መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት ስለሆነ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር ከደመወዙ የተቆረጠው 7 ከመቶና የአሠሪው 11 ከመቶ በስሙ ገቢ መደረጉን በየዓመቱ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። በደመወዝ ደረሰኝ ላይ ተቆርጦ መታየቱ ብቻ ገቢ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከ2003 ዓ.ም. በፊት በብዙ የግል ድርጅቶች የተለመደው ፕሮቪደንት ፈንድ ነበር። ይህ ገንዘብ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ጥቅሙ ለቤት መሥሪያ ወይም ለንግድ መነሻ መሆኑ ሲሆን፣ ጉዳቱ ሥራ በተለወጠ ቁጥር ተወስዶ ማለቁ ነው። የጡረታ አበል ግን እስከ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፤ ለተተኪም ይተላለፋል።

፭. አበሉ የማይሸፍነው ክፍተት

40 ዓመት ሙሉ ያገለገለ መምህር እንኳ ከአማካይ ደመወዙ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ይቀርበታል። ክፍተቱን የሚሞላው የራስ ቁጠባ ነው። ዕቁብ ለአንድ ጊዜ ጉዳይ፣ ዕድር ለሐዘን ቀን የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ጥሪት ይበልጥ የሚመቸው የመምህራን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ገንዘቡ እጅ ሳይገባ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ አባሉም በችግር ጊዜ በመጠነኛ ወለድ ይበደራል።

በቁጠባ ትልቁ ኃይል ጊዜ ነው። በየወሩ 500 ብር በዓመት 7 ከመቶ ወለድ ቢቆጠብ፣ የወለድ ግብር ሳይቆጠር፣ በ30 ዓመት ወደ 610,000 ብር፣ በ20 ዓመት ግን ወደ 260,000 ብር ብቻ ይደርሳል። አሥር ዓመት መዘግየት ከግማሽ በላይ ያስቀራል።

ይሁን እንጂ የዋጋ ግሽበት መዘንጋት የለበትም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ሲል፣ በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት ከ30 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በደብተር ያለው ቁጥር ቢያድግም የመግዛት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሪትን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ከማቆየት ይልቅ፣ ከፊሉን በማኅበር በሚሠራ መኖሪያ ቤት ወይም ገቢ በሚያስገኝ ንብረት ማዋል ይመረጣል። የጡረተኛ ቤት ኪራይ የማይከፈልበት ከሆነ አነስተኛው አበል ለቀለብና ለሕክምና ይውላል።

፮. ለዕቅድ ባለሙያዎችና ለጽሕፈት ቤቶች

የመምህራን የልደትና የቅጥር ዘመን በትክክል ከተመዘገበ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየትኛው ትምህርት ቤት ስንት የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር እንደሚሰናበት አስቀድሞ ይታወቃል። ተተኪን የማሠልጠን ዕቅድም በዚያው ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ የማኅደር አያያዝ የመምህሩ መብት መጠበቂያ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዕቅድ መሣሪያም ነው።

በየወረዳው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ ወቅት፣ መምህራን ማኅደራቸውን አይተው የጎደለውን እንዲያሟሉ ቀን ቢቆረጥ ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም። ስለ ጡረታና ቁጠባ የሚሰጠው ማብራሪያም ለተሰናባቾች ብቻ ከሚሆን በአዲስ መምህራን ማስተዋወቂያ ፕሮግራም ቢካተት ፍሬው የላቀ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ዛሬ የሚያስተካክለውን የልደት ዘመን፣ የስልሳ ዓመቱ አረጋዊ ሊያስተካክለው አይችልምና።