ያለ ደመወዝ የተገነባ ቤተ መጻሕፍት

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ረጅም የወረቀት ጥቅል አለ። «አልማዝ ሱትራ» የተባለው የቡድሃ ትምህርት የቻይንኛ ቅጂ ሲሆን፣ በእንጨት ቅርጽ የታተመው እ.ኤ.አ. በ868 ነው። የታተመበት ቀን ከታወቀ ሙሉ መጻሕፍት መካከል የእሱን ያህል ያረጀ የለም። በመጨረሻው ላይ ዋንግ ጂዬ የተባለ ሰው ስለ ወላጆቹ ሲል፣ ለሁሉም በነፃ እንዲታደል እንዳሠራው ተጽፎበታል። ዛሬ የቡድሂዝምን የተመስጦ ትምህርት በይነመረብ ላይ የሚያሰፍሩት በጎ ፈቃደኞች አዲስ ነገር የጀመሩ ይመስላል። አዲሱ ግን መሣሪያው ብቻ ነው። በዚያ ሃይማኖት ቃሉን አባዝቶ በነፃ ማደል ከጥንት ጀምሮ እንደ ጽድቅ ሥራ ይቆጠራል።

ከጽሑፍ በፊት ትምህርቱ የኖረው በቃል ነው። መነኮሳት በቡድን ተከፋፍለው፣ አንዱ ረጃጅሞቹን ስብከቶች ሌላው መካከለኞቹን እየያዘ፣ ለመቶዎች ዓመታት በኅብረት ደግመውታል። የስሪላንካ ታሪክ እንደሚለው በዘንባባ ቅጠል ላይ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት፣ ጦርነትና ረኃብ በቃል የያዙትን ሰዎች ይጨርሳቸዋል ተብሎ ሲፈራ ነው። በኮሪያ ሄይንሳ ገዳም ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት የተቀረጹ ከ80 ሺህ በላይ የእንጨት ሰሌዳዎች እስካሁን አሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ ገዳማቱ ብዙም ሳያንገራግሩ መቀበላቸው ስለዚህ አይደንቅም።

የመጀመሪያው ትውልድ ሥራ መተየብ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ሕንድ፣ ስደተኛ ቲቤታውያን ባቋቋሙት የሴራ ሜ ገዳም፣ ቀላል ግን ብልህ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። አንዱን ገጽ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይተይቡታል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ጽሑፎች ያነጻጽራል። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት መሥራቱ እምብዛም የማያጋጥም ስለሆነ፣ ልዩነት የታየበት ቦታ ሁሉ ዋናው ቅጂ ተከፍቶ ይመረመራል። እዚያ ተያቢዎቹ ክፍያ ነበራቸው፤ ሥራው ለስደተኛው እንጀራም ጭምር ነበር። ሁሉም ነገር በነፃ ጉልበት ተሠራ ማለት ስለዚህ ትክክል አይሆንም። በታይዋን በ1998 የተቋቋመው ማኅበር ቶኪዮ ውስጥ ከ1924 እስከ 1934 የታተመውን ግዙፍ የቻይንኛ ቀኖና ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ በእርማቱ በርካታ በጎ ፈቃደኞች ተሳትፈዋል። ሕንድ ኢጋትፑሪ ያለው የቪፓሳና ምርምር ተቋምም ፓሊ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ ያለውን ቀኖና በሲዲ አድርጎ አሠራጭቷል።

ቀጥሎ የመጣው የድምፅ ቅጂ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ምዕራፍ ነው፤ መጽሐፍ ለመጻፍ ጊዜም ፍላጎትም ያልነበራቸው መምህራን የተረፉልን በእሱ ነውና። አሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ባሬ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የተመስጦ ማዕከል ምሽት ምሽት የሚሰጠውን ትምህርት በካሴት ይቀዳ ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ «ዳርማ ሲድ» በሚል ስም ካሴቶቹን እያባዙ መላክ ተጀመረ። ዛሬ በዚያው ስም በበይነመረብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርቶች በነፃ ይደመጣሉ። ወጪው የሚሸፈነው በስጦታ ነው፤ ትምህርት አይሸጥም የሚለውን መርህ ከእስያ ይዘውት መጥተዋል።

በኔፓል ካትማንዱ አጠገብ ያለው የኮፓን ገዳም ታሪክም ከዚህ ይቀራረባል። የቲቤት ቡድሂዝም መምህራን የሆኑት ላማ የሼና ላማ ዞፓ ከ1971 ጀምሮ ምዕራባውያንን ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቹ በካሴትና በማስታወሻ ደብተር ያገኙትን ሁሉ ይይዙ ነበር። ላማ የሼ በ1984 ሲያርፉ የቀረው ክምር ቅጂ ነው። በ1996 የተቋቋመው በስማቸው የሚጠራ መዝገብ ቤት ይህን ክምር ወደ ጽሑፍ መለወጥ ተያያዘው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ጥቂት ሰከንድ ይሰማል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። የአንድ ሰዓት ትምህርት ብዙ ሰዓት ይበላል። ከበስተኋላ ውሻ ይጮኻል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ካሴቱ በዓረፍተ ነገር መካከል ያልቅና ሌላኛው ገጽ እስኪገለበጥ ጥቂት ቃላት ለዘላለም ይጠፋሉ። ላማ የሼ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ደግሞ ለሰዋስው ግድ የሌለው፣ ሳቅና ምልክት የበዛበት ነበር። አርታዒው ካቃናው የእሳቸው ድምፅ ይጠፋል፤ እንዳለ ከተወው አንባቢ ይቸገራል። ማሽን አሁን የመጀመሪያውን ረቂቅ በደቂቃዎች ያወጣል፤ የፓሊና የቲቤት ቃላት ሲያጋጥሙት ግን የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስገብቶ ያልፋል። የሚያውቅ ጆሮ ዛሬም ያስፈልጋል።

የድሮ መጻሕፍትን ፎቶ በማንሣት በኩል የጂን ስሚዝን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የዩታ ተወላጁ ስሚዝ በ1968 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኒው ዴልሂ ቢሮ ተቀጠረ። አሜሪካ ለሕንድ የሸጠችው እህል የሚከፈለው በሩፒ ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለመጻሕፍት ግዢ ይውል ስለነበር፣ ስደተኞች ተሸክመዋቸው የወጡ የቲቤት መጻሕፍት እንደገና መታተም ቻሉ። በስንዴ ዋጋ የዳነ ሥነ ጽሑፍ ማለት ነው። በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ያቋቋመው፣ መጻሕፍቱን በፎቶ የሚያስቀምጥ ማዕከል እሱ በ2010 ካረፈ በኋላም ሥራውን ቀጥሏል።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጆን ቡሊት በ1993 በስልክ መስመር የጀመረው «አክሰስ ቱ ኢንሳይት» የተባለው የጽሑፍ ማከማቻ ለሃያ ዓመት ያህል ቴራቫዳ የተባለውን የቡድሂዝም ቅርንጫፍ በእንግሊዝኛ ለሚያነቡ ዋና መግቢያ በር ሆኖ ቆይቶ፣ ከ2013 በኋላ አዲስ ነገር አልተጨመረበትም። እስካሁን ይነበባል፤ ሙሉውን አውርዶ ማስቀመጥ ስለተፈቀደም በብዙ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል። ቤተ መጻሕፍትን ከሰርቨር ይልቅ የሚያኖረው የመቅዳት ፈቃድ ይመስለኛል። በ2005 የተጀመረው ሱታሴንትራል የተባለ ድረ ገጽ ይህን አጥብቆ ይዟል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው አውስትራሊያዊ መነኩሴ ብሂኩ ሱጃቶ፣ ታይዋን አቅራቢያ ባለች ቺሜ የተባለች ደሴት ተቀምጦ አራቱን ታላላቅ የስብከት ስብስቦች በ2018 ተርጉሞ ሲጨርስ፣ የቅጂ መብቱን ጨርሶ ትቶታል። በሱታሴንትራል ሥርዓት ጽሑፉ በአጫጭር ክፍሎች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ በሌላ ሀገር ያለ ተርጓሚ እያንዳንዱን ክፍል ከፓሊው ጎን ለጎን እያየ መሥራት ይችላል።

የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ቋንቋ እየለወጠ ተጉዞ እኛም ዘንድ ደርሷል። ከእሱ የመነጨው የበረላም ወየዋስፍ ታሪክ፣ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ ብዙ ሕዝብ ካዳረሰ በኋላ፣ በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። ተርጓሚው ትውልዳቸው የመን የሆነው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። የታሪኩ ምንጭ ከየት እንደተነሣ የሚያሳያቸው ነገር አልነበራቸውም፤ ዛሬ ግን የግዕዙንና የቡድሃን ታሪክ ጎን ለጎን ማንበብ የፈለገ ሰው የቡድሃን ታሪክ ጥንታዊ ቅጂዎች በነፃ ያገኛል።

ሁሉም ነገር ግን ለሁሉም አይከፈትም። በቲቤታውያን ወግ አንዳንድ ትምህርቶች ከመምህር ሥርዓቱንና ፈቃዱን ላልተቀበለ ሰው አይሰጡም። በበይነመረብ መዝገቦች ላይ የመጽሐፉ ስም ተዘርዝሮ ገጹ ተዘግቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሁሉን በነፃ ማደል የለመደ በጎ ፈቃደኛ እዚህ ላይ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ ማሽኑም ቢሆን ፈቃድ አይተካም። እንዲህ ያለውን ካሴት ሰምቶ ለመጻፍ ሥርዓቱን የተቀበለ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ያስፈልጋል። የአርባና የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ካሴቶች እየተበላሹ ነው፤ ሦስቱን አሟልቶ የሚገኝ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።