ያልተጠገነ ቤት፣ ያልታየ የኪራይ ጭማሪ

ክረምት ሲገባ ቤቱ ማፍሰስ ይጀምራል። ተከራይዋ ትናገራለች፤ አከራዩም «እሺ፣ ባለሙያ እልካለሁ» ይላሉ። ባለሙያው ሳይመጣ ሐምሌ ያልፋል። ኮርኒሱ ያብጣል፣ ፍራሹ ይርሳል፣ ልጅ ያስላል። ደግማ ስትጠይቅ «ካልተመቸሽ ልቀቂ» ትባላለች። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል።

አከራዩን ክፉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ማየት ግን ይበልጥ ይጠቅማል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራይም እንደ ልቡ ኪራይ መጨመር አይችልም። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነውና እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ለጥገና የወጣ ብር በጭማሪ የማይመለስ ከሆነ፣ አከራዩ ጥገናውን ዛሬ ነገ ማለት ይጀምራል። ተከራዩ ያንኑ ብር እየከፈለ የባሰ ቤት ውስጥ ይኖራል። ይህ ጭማሪ ነው፤ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም እንጂ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። ለዓመታት ያው ጥቂት ብር ሲሰበሰብ፣ ግድግዳው ሲዘም፣ ቆርቆሮው ሲበሳ የሚያሳድስ ገንዘብ ጠፋ። ያረጁት የቀበሌ ቤቶች የዚያ ሒሳብ ውጤት ናቸው።

ታዲያ ተከራይ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኪራዩን መያዝ ነው። አልመክርም። ክፍያው በባንክ ሲያልፍ የጎደለው ወር መዝገብ ላይ የሚታየው ዕዳ ሆኖ ነው፤ ቤት ለማስለቀቅም ምክንያት ይሆናል። አከራይን የሚይዘው ጽሑፍ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772፣ ውሉን አልፈጸመም የሚባለው ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ቀን ያለው ደብዳቤ፣ የፈሰሰው ጣራ ፎቶ፣ ደብዳቤው መድረሱን የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት አከራዩን ሊያስገድድ፣ ወይም ጥገናው በአከራዩ ወጪ እንዲሠራ ሊፈቅድ ይችላል። በርና መስኮት፣ የውኃ ቧንቧ የመሳሰሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ግን፣ በእርጅና ብቻ ካልተበላሹ በቀር፣ በሕጉ በተከራዩ ላይ እንደሚወድቁ መርሳት አይገባም።

ፍርድ ቤት ጊዜ ይበላል፤ ዝናቡ አይጠብቅም። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ማቻቻል ይመስለኛል። ኪራዩ በወር 10,000፣ የጣራው ሥራ 18,000 ብር ነው እንበል። ተከራይዋ አሠርታ ለ6 ወር 3,000 እየቀነሰች 7,000 ትከፍላለች። አከራዩ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር አያወጡም፣ ንብረታቸውም ይድናል፤ እርሷም ለደላላና ለዕቃ መጫኛ አትከፍልም። ብቻ ስምምነቱ ሁለቱም የፈረሙበት ይሁን። ያለ ፊርማ የተቀነሰችው 3,000 ነገ ውዝፍ ኪራይ ትባላለች።

ለዚህ ሁሉ ጥሩው ጊዜ ውል የሚፈረምበት ቀን ነው፤ አከራዩ ተከራይ የሚፈልጉት ያን ዕለት ነውና። አብሮ ገብቶ ኮርኒሱን ማየት፣ ቧንቧውን መክፈት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን መሞከር፣ ማን ምኑን በስንት ቀን እንደሚጠግን ውሉ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ውሉን ይዞ ለምዝገባ መሄድ ነው።