ከጅቡቲ በታች ሁለት ዓይነት ውሃ አለ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ለምን ጨው ጨው ይላል? መልሱን ወጥ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨው አሟሙ። ከዚያ የቀዘቀዘ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ስኳር ያለበት እንዳይሆን፣ ስኳር ያከብደዋል። ሻዩ ከጨዋማው ውሃ ሳይቀላቀል ከላይ ተንሳፎ ይቀራል።

ከተማዋን አቋርጦ የሚወርደው የአምቡሊ ሸለቆ ሥር ያለውም ይኸው ነው። ሸለቆው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሲዘንብ ግን ጎርፉ በጠጠሩና በተሰነጣጠቀው ባዛልት ዐለት ውስጥ ይሰርግና ከባሕር ዘልቆ በገባው ጨዋማ ውሃ ላይ ይተኛል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከጣፋጩ (ጨው ከሌለበት) ውሃ በ25 ግራም ገደማ ይከብዳል፤ ከሺው 25 ማለት ከአርባው አንዱ ነው። ስለዚህ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጨዋማውን ተጭኖ ይይዛል። ጉዱ የሚመጣው ሒሳቡ ሲገለበጥ ነው፦ ፓምፕ ግማሽ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢያደርገው፣ ውሎ አድሮ ጨዋማው ከሥር ወደ 20 ሜትር ሊነሣ ይችላል።

ይህ ውሃ በከተማዋ አመሠራረትም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ማዶ ያለችውን ኦቦክን በውል የያዙት በ1862 ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ገዥው ሌዎንስ ላጋርድ በ1888 የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ጅቡቲን ቆረቆረ፤ መቀመጫውም በ1892 ወደዚያው ተዛወረ። ከተማዋ እዚያ በመቆርቆሯ ሰው ሁሉ ምስጋናውን ለወደቡና ለሐረር የሲራራ መንገድ ይሰጣል። እኔ ግን ግማሹን ለአምቡሊ ጉድጓዶች እሰጣለሁ፤ መርከብ የሚቆምበት ዳርቻ ብዙ ነው፣ ለግመልና ለሰው የሚበቃ ውሃ ያለበት ግን ጥቂት። በ1897 ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲጀመር ደግሞ የሚጠማው ሰው በዛ።

ከመቶ ዓመት በላይ ውሃው ከዚያው ሸለቆ ተሳበ። ጨው ሲበረታ መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንዱ ከኛ አገር ነው፦ በ2013 በተደረገ ስምምነት ከሶማሌ ክልል፣ ከአዲጋላ አካባቢ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘረጋ፤ በ2017 ሲመረቅ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያደርስ የታቀደ ነበር። ሌላው በ2021 ዶራሌ ላይ የተመረቀው ፋብሪካ ነው፤ የባሕሩን ውሃ ጨው በማያሳልፍ ስስ ሽፋን በኃይል እየገፋ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቷል።

የሁለቱም ሥራ የሚለካው በሚያመጡት ውሃ ብቻ አይመስለኝም፤ የአምቡሊ ጉድጓዶች እንዲያርፉም ዕድል ይሰጣሉ። ዕረፍቱ ግን ረጅም መሆን አለበት። ከሥር የወጣውን ጨው መልሶ የሚገፋው ከላይ የሚሰርግ ዝናብ ነው፤ በከተማዋ በዓመት የሚዘንበው ደግሞ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወደ ባሕሩ ያልፋል።