ከቫሌንሺያ ደርሶ መልስ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ባቡር አለ ወይ?

የቪላሪያል ጨዋታ ሊጠናቀቅ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ወጣቶች ድንገት ተነስተው ሮጡ። ቡድናቸው እየመራ ነው። ሰዉ ቆሞ ይዘምራል። እነሱ ግን የስታዲየሙን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። "ደጋፊ ተብዬዎች!" ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። ምን እንደነካቸው የገባኝ ጨዋታው አልቆ፣ እኔም ተዝናንቼ፣ ፎቶዬን ተነስቼ፣ ቀስ እያልኩ ባቡር ጣቢያው ስደርስ ነው። ወደ ቫሌንሺያ የሚሄደው የመጨረሻው ባቡር ከሄደ ቆይቷል። መድረኩ ላይ ከአንዲት ድመት በስተቀር ማንም የለም።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። የጨዋታውን ትኬት ከአንድ ወር በፊት ስገዛ መመለሻውን አላሰብኩበትም። 60 ኪሎ ሜትር ያህል በታክሲ ተመለስኩ፤ ለታክሲው የከፈልኩት ለጨዋታው ከከፈልኩት በለጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወዳጄ "ቫሌንሺያ ልሄድ ነው" ሲለኝ ስለ ባህሩ ዳርቻም ስለ ፀሐዩም አላወራለትም፤ መጀመሪያ የምጠይቀው "ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?" ብዬ ነው።

ቫሌንሺያ የስፔን ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ነች፤ ሜዲትራኒያን ባህር ላይ የተቀመጠች፣ ፀሐይ የማይጠፋባት። እኛ አገር ስሟ የገነነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የ2000ዎቹ መጀመሪያ ቡድን ነው፤ ካኒዛሬስ፣ አያላ፣ አልቤልዳ፣ ባራኻ፣ አይማር፣ ቪሴንቴ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በተከታታይ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ደርሶ ሁለቱንም የተሸነፈው፣ ከዚያ በራፋ ቤኒቴዝ ስር በ2002 እና በ2004 የስፔንን ዋንጫ ያነሳው ቡድን። ሁለተኛው ሩጫ ነው። ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽ ዲባባን የ5 ሺህ ሜትር ሪኮርድ በ14፡06.62 የሰበረችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 እዚሁ ቫሌንሺያ ውስጥ ነው። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ከተማ ግማሽ ማራቶንን በ1፡02፡52 ገብታ የነበረውን ሪኮርድ ከአንድ ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። በ2022 አማኔ በሪሶ ማራቶኑን በ2፡14፡58፣ በ2023 ሲሳይ ለማ በ2፡01፡48 አሸንፈዋል። ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ባንዲራ ይዞ ለመደገፍ ከጣሊያን፣ ከጀርመን፣ ከስዊድን የሚመጣ ሐበሻ የሚገናኝበት ከተማ ሆኗል ማለት ይቻላል። እነዚህ ሰዎች ለሩጫው መጥተው ሦስትና አራት ቀን ይቆያሉ። ታዲያ በእነዚህ ቀናት ምን ይታያል? ኳስ ለሚወድ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ከተማዋን መኝታ አድርጎ በየቀኑ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የስፔን ሊግ የዓመቱን መርሐግብር በበጋቸው ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን የትኛው ዙር በየትኛው የሳምንት መጨረሻ እንደሚውል ብቻ ነው። ጨዋታው አርብ ይሁን ሰኞ፣ ቀን ይሁን ማታ የሚታወቀው ቀኑ ሲቃረብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ነው የሚወስነው። "ቅዳሜ ጨዋታ አለ" ብሎ ከቅዳሜ እስከ እሁድ አውሮፕላን የቆረጠ ሰው ሰኞ ማታ ጨዋታውን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ያየዋል። ክለቡ አውሮፓ ውድድር ላይ ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑን ቀድማችሁ የምትገዙ ከሆነ አርብን እና ሰኞን ጨምራችሁ ያዙ፤ ካልሆነ ሰዓቱ እስኪወጣ ጠብቁ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋን የምናያቸው የክረምት ጨዋታዎች እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ሲያልቁ 5 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። የእኔን ድመት አስታውሱ።

ከሩቅ በፊት ቅርቡን። ሜስታያ እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተ ሜዳ ነው፤ ከመሀል ከተማ በእግር ይደረሳል። የላይኛው መቀመጫ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው ታች ይግዛ። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ አዘጋጇ ስፔን የምድብ ጨዋታዎቿን ያደረገችው እዚህ ነበር፤ ሰሜን አየርላንድ 1 ለ 0 አሸንፋ ጉድ ያደረገቻትም እዚሁ። ስትገቡ ግን መጀመሪያ ፈልጉ የምለው ዋንጫውን አይደለም፤ መቀመጫ ላይ ያለ አንድ የነሐስ ሰውዬ አለ። በ54 ዓመቱ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ከዚያም በኋላ ከልጁ ጋር እየመጣ፣ ልጁ እየነገረው ጨዋታ "ያይ" የነበረ ደጋፊ ነው። ክለቡ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር በ2019 እዚያው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሐውልቱን አስቀመጠለት። እኔ ብዙ ስታዲየም አይቻለሁ፤ እንደዚህ ሰው ያስቆመኝ ነገር የለም።

ሜስታያን ለማየት የሚያስብ ሰው ብዙ ባይዘገይ ጥሩ ነው። ክለቡ አዲስ ስታዲየም መገንባት ጀምሮ በ2009 ገንዘብ ሲያጥረው አቆመው፤ ኮንክሪቱ ከ15 ዓመት በላይ እንደ ዓሣ አፅም ቆሞ ከኖረ በኋላ ስራው በጥር 2025 እንደገና ተጀምሯል። አዲሱ ሲያልቅ አሮጌው ይሰናበታል።

አሁን ወደ ባቡሩ። ቫሌንሺያ ውስጥ ሁለት ጣቢያ አለ፤ ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ! አንደኛው ከበሬ መዋጊያው ጎን ያለው አሮጌውና ውቡ የሰሜን ጣቢያ ነው፤ የከተማ ዙሪያ ባቡሮች የሚነሱት ከዚህ ነው። ሌላው ሆአኪን ሶሮያ ይባላል፤ ፈጣኖቹ የሩቅ አገር ባቡሮች ከዚያ ይወጣሉ። በእግር አስር ደቂቃ ያህል ይራራቃሉ፤ ባቡር ሊያመልጥ ሲል ግን አስር ደቂቃ ብዙ ነው። ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ።

ከሰሜን ጣቢያ የካስቴዮንን መስመር ይዛችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ስትጓዙ ቪላሪያል ትደርሳላችሁ። ግራና ቀኝ ብርቱካን ብቻ ነው። ከዚያ የሴራሚክ ፋብሪካዎች ይመጣሉ፤ ክለቡም የቆመው በዚሁ ሸክላ ነው። የከተማው ነዋሪ 50 ሺህ ገደማ ነው፤ ስታዲየሙ ደግሞ 23 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። አስቡት፣ የከተማው ግማሽ ያህል ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል! የሴራሚክ ባለፋብሪካው ፈርናንዶ ሮይግ ክለቡን በ1997 ሲገዛው በታሪኩ አንድም ጊዜ አንደኛ ዲቪዚዮን ተጫውቶ አያውቅም ነበር። በዓመቱ ገባ። ሜዳው ድሮ ኤል ማድሪጋል ነበር የሚባለው፤ ከ2017 ወዲህ ስሙ ራሱ ሴራሚካ ሆኗል። የሚገርመው የቤተሰቡ ነገር ነው። አንደኛው ወንድም ፓኮ ሮይግ በ1990ዎቹ የቫሌንሺያ ፕሬዝዳንት ነበር፤ ሌላኛው ሁዋን ሮይግ የሱፐርማርኬት ከበርቴ ሲሆን የቫሌንሺያን ማራቶን የሚደግፈው የእርሱ ፋውንዴሽን ነው። የእኛ ልጆች የሚሮጡበትን ውድድር አንዱ ወንድም ይደግፋል፣ ቢጫዎቹን ሌላው ያስተዳድራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሜዳ የማያውቅ የኳስ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአርሴናል ደጋፊ በሚያዝያ 2006 በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሪኬልሜ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ዓይኑን የጨፈነበት ሜዳ ነው፤ ሌማን አዳነው፣ አርሴናል ፓሪስ ሄደ። ያው የአርሴናል ደጋፊ በ2021 የዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ በቀድሞ አሰልጣኙ በኡናይ ኤምሬ ሲሸኝ ደግሞ መጀመሪያ 2 ለ 1 የተሸነፈው እዚሁ ነው። ፍፃሜው ላይ የማንቸስተር ተራ ደረሰ፤ ግዳንስክ ላይ 22 ፍፁም ቅጣት ምት ተመትቶ 11 ለ 10፣ የመጨረሻውን የሳተው ዴ ሄያ ነበር። የሊቨርፑል ደጋፊ በ2022 ግማሽ ፍፃሜ እረፍት ላይ 2 ለ 0 ተመርቶ እዚህ ሜዳ ላይ ላብ አልቦት ነበር፤ ኋላ 3 ለ 2 አሸነፈ እንጂ። ከስታዲየሙ በር ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ማሰብ ብቻ ለባቡሩ ዋጋ ይበቃል። ቀን ላይ የሚደረግ ጨዋታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ምን ቀረ? በሉና ተመለሱ፤ ባቡሩም አለ። የማታ ጨዋታ ከሆነ ሁለት ምርጫ ነው፤ ወይ እዚያው ወይም ቀጥሎ ባለችው ካስቴዮን ማደር፣ ወይ ደግሞ እንደ እነዚያ ወጣቶች መሮጥ።

በዚሁ መስመር ላይ፣ ከቫሌንሺያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሳጉንቶ አለች። ጠዋት ሄዳችሁ ከሆነ ወርዳችሁ የሮማውያኑን ቲያትርና ኮረብታው ላይ ያለውን ምሽግ አይታችሁ በቀጣዩ ባቡር መቀጠል ትችላላችሁ። ሀኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓ.ዓ. ከብቦ የያዛት፣ በእሷም ሰበብ ሮምና ካርቴጅ ሁለተኛውን ጦርነት የገጠሙባት ከተማ ነች። ዳገቱ ግን ጥላ የለውም። በነሐሴ ወር እኩለ ቀን ላይ ከወጣችሁ ጸጸቱ የእናንተ ነው።

ኤልቼ ይርቃል፤ ወደ ደቡብ፣ ከአሊካንቴም አልፎ ነው። ደርሶ መልስ የሚያዋጣው ጨዋታው ከሰዓት ከሆነና በጠዋት ከተነሳችሁ ብቻ ነው። ለምን እንደማነሳው ግን ልንገራችሁ። በ1982 ሀንጋሪ ኤልሳልቫዶርን 10 ለ 1 ያሸነፈችበት ሜዳ እዚያ ነው። ላስሎ ኪሽ የሚባል ልጅ ተቀይሮ ገብቶ ስምንት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሦስት አገባ፤ በዓለም ዋንጫ ተቀይሮ ገብቶ ሀትሪክ የሰራ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጨዋታ ባይኖር እንኳ ከተማዋ መሀል ያለው የዘንባባ ደን አለ፤ ዩኔስኮ በ2000 መዝግቦታል።

ኳስ በሌለበት ቀን አልቡፌራ ሂዱ። ከከተማዋ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ሐይቅ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይወስዳችኋል። ዙሪያው የሩዝ ማሳ ነው፤ ፓኤያ የሚባለው ምግብ የተወለደው እዚህ አካባቢ ነው። ኤል ፓልማር በምትባለው መንደር ምሳ ብሉ፤ ምሳ ነው ያልኩት፣ የአገሩ ሰው ፓኤያን ለእራት አይበላም። እውነተኛው የቫሌንሺያ ፓኤያ ዶሮ፣ ጥንቸልና ባቄላ ነው የሚገባበት፤ ጥንቸል ለእኛ ሰው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በአትክልት ብቻ የሚሰራም ስላለ ጾም ላይ ያላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከምሳ በኋላ በጀልባ ትንሽ ዞራችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አውቶቡሱን እንዳትረሱ። ነገሩ ያው ነው።

በዚህ በደቡቡ በኩል ስታልፉ በአክብሮት እለፉ። ጥቅምት 29 ቀን 2024 የመጣው ጎርፍ በአውራጃው ከ220 በላይ ሰው ገድሏል። ቫሌንሺያ በ1957 በጎርፍ ስትመታ የቱሪያን ወንዝ ከከተማ አውጥታ ወደ ደቡብ አዙራው ነበር፤ የድሮው የወንዝ አልጋ ዛሬ ሰው የሚሮጥበት ረጅም የአትክልት ስፍራ ነው፤ ለተሰንበት የ5 ሺውን ሪኮርድ የሰበረችበት የቱሪያ ስታዲየምም ከዚያው ነው። በ2024ቱ ጎርፍ ከተማዋ ዳነች፤ ፓይፖርታንና ካታሮኻን የመሳሰሉ የደቡብ ከተሞች ግን ጭቃ ውጧቸው ከረመ። የሪያል ማድሪድ ጨዋታ ወደ ጥር 3 ቀን 2025 ተዛወረ፤ ሜስታያ ለሰንበቱ ኳስ ሳይሆን የእርዳታ እህልና ልብስ መሰብሰቢያ ሆነ።

የማራቶኑን ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜን ለአልቡፌራ ወይም ለቪላሪያል አድርጉት፤ እሁድ ጠዋት የመጨረሻው መስመር ከውሃ ላይ በተዘረጋው ሰማያዊ መድረክ ስለሆነ ጥሩ ቦታ ለመያዝ በማለዳ መውጣት ያስፈልጋል። ከሰዓት ቫሌንሺያ ወይም ሌቫንቴ በሜዳው ከሆነ እሰየው፤ ሁለቱም ከተማ ውስጥ ናቸው። ቪላሪያል በዚያው ቀን በ8 ሰዓት ቢጫወትስ? ያን ጊዜ ሩጫውንም ኳሱንም ሙሉውን ማየት አይቻልም። እኔ ሩጫውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሲያልቅ ባቡር አያመልጠኝም።