የጠባብ ገበታ ጦርነት

ጥቃቅን ምስለ ወታደሮችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ የማዋጋት ጨዋታ ሲነሣ በብዙ ሰው ኅሊና የሚሣለው ሰፊ ሜዳ፣ በቀለም የተዋበ ኮረብታ፣ በመቶ የሚቈጠር ሠራዊትና ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሰልፍ ነው፤ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ራሳቸው እንግዳ ሲመጣባቸው አስቀድመው የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ወገን ሆኖ ስሙ በክብር እምብዛም የማይጠራ፣ ሜዳም ኮረብታም የሌለው፣ ወርዱ አንድ ምስል ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ከሌላው መተላለፊያ ጋር እየተጋጠመ የሚዘረጋ ሌላ ገበታ አለ፤ እኔም ብዕር ያነሣሁት የጦር ጨዋታ ጥበብ ወደ ፍጹምነት የቀረበው በሰፊው ሜዳ ላይ ሳይሆን በዚህ በጠባቡ ገበታ ውስጥ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የጦር ጨዋታ በጠቅላላው የቈየ ዘር አለው፤ ፕሩሲያዊው ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ዊልሄልም ሣልሳዊ ያቀረበው፣ ልጁም በ1824 አሻሽሎ ለመኰንኖች መማሪያ ያደረገው ክሪግስሽፒል፣ ከዚያም እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ሊትል ዎርስ በተባለ መጽሐፉ ለቤት ወለል የደነገገው ሥርዓት የዚህ ሐረግ ታላላቆች ናቸው። የጠባቡ ገበታ አለቃ ግን የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው። ይኸውም ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1989 ያወጣው፣ ሪቻርድ ሃሊዌል የደረሰው ስፔስ ሀልክ ነው፤ በ1996፣ በ2009 እና በ2014 እየታደሰ ታትሟል። በዚያው በ1989 ስቲቨን ቤከር የደረሰው ሂሮክዌስትም ወጥቶ ብዙ ቤት ገብቷል፤ እርሱ ግን ክፍል የበዛበት የጀብዱ ጨዋታ ስለሆነ የመተላለፊያን ጭንቀት በሙሉ አያሳይምና አሁን እንለፈው።

የስፔስ ሀልክ ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። በጠፈር ውስጥ ለዘመናት ሲንሳፈፉ የኖሩ የመርከብ ስብርባሪዎች ተጣብቀው አንድ ግዙፍ ፍርስራሽ ሆነዋል፤ በፍርስራሹ ሆድ ውስጥ ጄንስቲለር የሚባሉ ባለ አራት ክንድ አውሬዎች አድፍጠዋል፤ ተርሚኔተር የሚባለውን ከባድ ጥሩር የለበሱ ጥቂት ወታደሮች ደግሞ አንዳች ተልእኮ ተሰጥቷቸው ወደዚያ ጨለማ ይገባሉ። አንዱ ተጫዋች ወታደሮቹን፣ ሌላው አውሬዎቹን ይይዛል። ገበታው ጥርስ በጥርስ ከሚገጣጠሙ የካርቶን ቁራጮች የሚሠራ፣ በካሬ የተከፈለ ነው፤ ለየተልእኮውም ሌላ ቅርጽ ይዘረጋለታል። ተርሚኔተር በተራው አራት የድርጊት ነጥብ፣ ጄንስቲለር ስድስት አለው፤ ወታደሩ ከሩቅ ይተኩሳል፣ አውሬው ግን ካልደረሰ በቀር አንዳች ማድረግ አይችልም። ለመጀመር ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ጨዋታ በሩቁ የሚያውቁ ሰዎች፣ በተለይም በሰፊው ሜዳ ላይ ብዙ የተዋጉቱ፣ ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም፣ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ምርጫ የለም፣ ምርጫ ከሌለ ደግሞ የሚቀረው ወደ ፊት መሄድና ዳይስ መጣል ብቻ ነው የሚል ነው። በሰፊ ጠረጴዛ ውጊያ ብልኅነቱ የተመሰከረለት አንድ ወዳጄ ይህንኑ አስረግጦ ስለነገረኝ፣ ክርክሩን ትቼ ወታደሮቹን ሰጠሁትና የመጀመሪያውን ተልእኮ እንዲጫወት ጋበዝሁት። በዚህ ተልእኮ አምስት ወታደሮች ገብተው፣ እሳት የሚተፋውን መሣሪያ የያዘው ጓዳቸው አንድን የመቈጣጠሪያ ክፍል እንዲያቃጥል ይፈለጋል፤ እርሱ ከሞተ ተልእኮውም ከእርሱ ጋር ይሞታል። ወዳጄም እንደ ማንኛውም አስተዋይ የጦር አለቃ ውድ የሆነውን ሰው ለመጠበቅ አስቦ ባለ እሳቱን በሰልፉ መጨረሻ አቆመው። በሰፊ ሜዳ ላይ ይህ ትክክል ይሆን ነበር።

በመተላለፊያ ውስጥ ግን ማንም ማንንም አያልፍም፤ በጓዱ ትከሻ ላይም አሻግሮ ማየትና መተኮስ አይችልም፤ ከፊት የቆመው ሰው ለኋለኛው ጋሻ እንደ ሆነ ሁሉ ግድግዳም ይሆንበታል። ስለዚህ ወዳጄ አምስት ወታደር አለኝ ብሎ ሲያስብ ከፊት ለሚመጣው ጠላት በእውነቱ የነበረው አንድ ብቻ ነበር፤ የዚያ የአንዱ መሣሪያ በነከሰበት ጊዜ አራቱ ከኋላው ተሰልፈው ሞቱን ከመጠበቅ በቀር የሚረዱት ነገር አልነበራቸውም፤ ባለ እሳቱም እንደ ታቦት በክብር ተጠብቆ አንዲት የእሳት ምላስ ሳያወጣ ተልእኮው ፈረሰ። ሰልፉ የሚወሰነው ገና ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከተወሰነም በኋላ መለወጫው የጐን መተላለፊያ ወይም ሰፊ ክፍል ሲገኝ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ነጥብ የሚያስከፍል ነው። መስቀለኛ መንገድ በመጣ ቊጥር ደግሞ አንድ ሰው ጐኑን እንዲጠብቅ ቀርቶ ሌሎቹ ስለሚሄዱ፣ አምስቱ አራት፣ አራቱ ሦስት እየሆኑ ይቀጥላሉ፤ ማን የት እንደሚቀርና ማን እስከ ፍጻሜ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ሦስተኛው መስቀለኛ ላይ ሲደርስ ያልፈለገው ሰው ከፊት ያልፈለገውም ከኋላ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ምርጫ ካልተባለ ምን ምርጫ ሊባል እንደሚችል አላውቅም። ጠባብነቱ ምርጫን አላጠፋም፤ ምርጫን የማይመለስ አደረገው እንጂ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የፊት አቅጣጫ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ተጫዋቾችም አንብበው የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ተርሚኔተር የሚያየው ፊቱን የሰጠበትን አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት አንድ ካሬ መራመድ አንድ ነጥብ፣ ሩብ ዙር መዞር አንድ ነጥብ፣ ፊቱን ሳይመልስ አንድ ካሬ ወደ ኋላ መራመድ ግን ሁለት ነጥብ ያስወጣዋል። እንግዲህ ጠላት ከፊቱ የመጣበትና ሁለት ካሬ ማፈግፈግ የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በሁለት ነጥብ ዞሮ በቀረው ሁለት ነጥብ ሁለት ካሬ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው፣ ፊቱን ለጠላት እንደ ሰጠ አራቱን ነጥብ ከፍሎ ሁለት ካሬ ወደ ኋላ መራመድ ነው። ሁለቱም አራት ነጥብ ይፈጃሉ፣ ሁለቱም እኩል ያርቃሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጀርባውን ለአውሬ አሳልፎ ሰጥቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ በእርምጃው ላይ ያለ ተጨማሪ ዋጋ መተኮስ ስለሚፈቀድለት በየካሬው እየተኰሰ ሄዷል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሁልጊዜ ይዞራል፣ ሁልጊዜም ከጀርባው ይሞታል። የሚቀጥለው ተራ ቢታሰብ በእርግጥ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በሁለት ተራ ዞሮ የሄደው ስድስት ካሬ ሲርቅ ፊቱን ሳይመልስ የሄደው አራት ብቻ ይርቃል። ዳሩ ግን ጄንስቲለር በአንድ ተራ ስድስት ካሬ የሚሮጥ ስለሆነ ከእርሱ ሸሽቶ ማምለጥ ከመጀመሪያውም የለም፤ የዞረው ሰው ያተረፈው ሁለት ካሬ ለምንም አይጠቅመውም። አራት የሚያህሉ ትንንሽ ቊጥሮች ተጋጥመው ማፈግፈግንና ሽሽትን እንዲህ የሚለዩበት ሌላ ጨዋታ አላየሁም።

ዳይሱንም ቢሆን የሚንቁት ሰዎች ቀረብ ብለው ቢመረምሩት ሌላ ነገር ባዩ ነበር። ወታደሩ በሁለት ዳይስ ይተኩሳል፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ስድስት ከወጣ ይገድላል፤ ከ36 አወዳደቅ 11ዱ ለእርሱ ናቸው ማለት ነው። በሁለት ነጥብ ዘብ የቆመ ወታደር ደግሞ እስከ 12 ካሬ ባለው ርቀት ከፊቱ የታየ ጠላት በተንቀሳቀሰ ቊጥር ይተኩስበታል፤ ነገር ግን ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዐይነት ቊጥር ካሳዩ፣ ይኸውም በየተኩሱ ከስድስት አንድ ጊዜ፣ መሣሪያው ይነክስበታል። አውሬው ደርሶ እጅ በእጅ ሲያያዙ ግን አውሬው ሦስት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይመርጣል፣ ተራው ወታደር አንድ ብቻ ይጥላል፤ ከ1296 አወዳደቅ 855ቱ ለአውሬው፣ 225ቱ ለወታደሩ፣ 216ቱ አቻ ይሆናሉ። አንባቢ እነዚህን ቊጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስተያያቸው። ዕድሉ ተሰውሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ ከመጀመሪያው በግልጽ የተጻፈ ነው፤ የተጫዋቹ ሥራ ዳይሱ በክንድ ርቀት ሳይሆን በረጅሙ መተላለፊያ ጫፍ ላይ እንዲጣል ቦታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ዳይሱ ከዳኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ባየሁ ጊዜ ወታደሩ የቆመበትን ካሬ እመለከታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከማዕዘን አንድ እርምጃ ርቆ፣ ሁለት ካሬ ብቻ የሚታይበት ስፍራ ቆሞ አገኘዋለሁ።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ወታደሮቹን የያዘው ተጫዋች ብቻ በአሸዋ ሰዓት ይለካል፤ በኋለኞቹ እትሞች ሦስት ደቂቃ ገደማ ይሰጠዋል፤ አውሬዎቹን የያዘው ግን የፈለገውን ያህል ያስባል። በሀገራችን ሰንጠረዥ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ጠጠሮቻቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያየ ሰው፣ ፍጥነት ራሱ የጦር መሣሪያ እንደሚሆን ያውቃል፤ እዚህ ግን ጥድፊያው በአንዱ ወገን ላይ ብቻ የተጫነ ስለሆነ፣ የጨለማው ፍርሃት ከታሪኩ ወጥቶ በተጫዋቹ እጅ መንቀጥቀጥ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አሸዋው ሊያልቅ ሲል ሰዓቱን በጐኑ የሚያጋድሙ፣ ወይም ጥያቄ አለኝ በሚል ሰበብ ጊዜ የሚሸምቱ ሰዎች የጨዋታውን ነፍስ እያወጡ መሆናቸውን ሊረዱ ይገባቸዋል። ጥያቄ ያለው ሰው አሸዋው ከመገልበጡ በፊት ይጠይቅ።

አውሬዎቹን ለሚይዘው ወገን የተሰጠው ጸጋ ምሥጢር ነው። ወደ ገበታው የሚገቡት ብሊፕ በሚባሉ የተከደኑ ጠጠሮች ሲሆን፣ በራዳር ላይ እንደሚታይ ነጥብ አንዳች ነገር መምጣቱን ይናገራሉ እንጂ አንድ ይሁን ሦስት አውሬ አይገልጹም፤ የሚገለጡትም ወታደሩ ሲያያቸው ነው። ብልኅ ተጫዋች በአንድ ማዕዘን ጀርባ ብሊፖቹን አከማችቶ ይታገሣል። ትዕግሥት የሌለው ግን አንድ በአንድ ወደ ተኩሱ ይልካቸዋል፤ ይህም ጥፋት ስለሆነ ሲደረግ ባየሁ ቊጥር አዝናለሁ። ሁለቱን ወገን ሳያውቁ ጨዋታውን አውቀዋለሁ ማለት አይቻልምና አንድ ተልእኮ ካለቀ በኋላ ወገን ተለዋውጦ ያንኑ ደግሞ መጫወት መልካም ልማድ ነው።

አያያዝን በተመለከተ፣ የካርቶኑ ጥርሶች ከላይ ወደ ታች ቀስ ተብለው ይገጠማሉ እንጂ በጐን ተገፍተው አይጋጠሙም፤ የተገፋ ጥርስ ይላላጣል፣ የላላ ገበታም በጨዋታው መካከል ይፈታል። ምስሎቹ ከእግራቸው ሥር ካለው መቆሚያ ይያዛሉ፤ በጥፍራቸውና በሰይፋቸው የሚያነሣቸው ሰው ቀለማቸውን ያስለቅቃል፣ ክንዳቸውንም ይሰብራል። ሻይና ቡና ከጠረጴዛው ይራቁ።

የስፔስ ሀልክ እትሞች በተወሰነ ቊጥር እየታተሙ ስለሚያልቁ ዛሬ ሣጥኑን ማግኘት ይከብዳል፤ የጠባቡ ገበታ መንፈስ ግን አልተቋረጠም። በ2017 የወጣው ኔክሮሙንዳ የከርሰ ምድር መንደሮችን በካርቶን ቁራጮች ዘረጋ፤ በ2022 የወጣው ኪል ቲም ኢንቱ ዘ ዳርክ ደግሞ ግድግዳና በር ያለው የፕላስቲክ መተላለፊያ አመጣ፤ በዚህኛው በር ከፍቶ መዝጋት ራሱ ግማሽ ውጊያ ነው። ሣጥን ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ሰውም ወፍራም ካርቶን፣ ማስመሪያና ምላጭ ካለው፣ ምስሉ የሚቆምበትን ያህል ካሬ አስምሮ ቀጥታውን፣ ማዕዘኑንና መስቀለኛውን ቢቈርጥ ገበታ አገኘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከአንድ መስቀለኛና ከሁለት ማዕዘን የበለጠ አይሥራ፣ ረጅሙንም መተላለፊያ ከ12 ካሬ አያስበልጠው።